ለምንጊዜም ምርጡ ቡድን ማን ይሮጣል?



ይህን መድረክ ያዘጋጃችሁ ወጣቶች ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በግብዣ ደብዳቤያችሁ የሰጣችሁኝ ርእስ «የምንጊዜም ምርጥ ቡድን፦ ታክቲክና የተጫዋቾች ሚና» የሚል ነው። ርእሱን የሰሙ ወዳጆቼ በሙሉ «እነማንን አሰለፍክ?» ነው ያሉኝ። «ማን ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልተገኘም። እናንተም ብትሆኑ በልባችሁ አሥራ አንድ ስም ደርድራችሁ እንደመጣችሁ እጠረጥራለሁ። ደግ፤ ስሞቹን ለጊዜው በኪሳችሁ አቆዩልኝ። የራሴን አሰላለፍ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ትጮሁብኛላችሁ፤ ያኔ እንከራከራለን።

እስከዚያው ግን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ምሽቱን ሙሉ ስለምደጋግመው ከአሁኑ ልመዱት፦ ማን ለማን ይሮጣል? ታላቅ ተጫዋች ሁሉ ኳስ እግሩ ሥር ስትሆን ታላቅ ነው። ኳሷ ግን አንድ ናት፣ ተጫዋቾቹ ደግሞ አሥራ አንድ። አንዱ ሲይዛት አሥሩ ምን ያደርጋሉ? በእኔ እምነት የአንድ ቡድን ታላቅነት የሚለካው በአሥሩ ነው።

አካሄዴ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ስም ብቻ ተደርድሮበት የተሰበሰበ ቡድን ምን እንደሚገጥመው በአጭሩ እናያለን። ቀጥሎ ረዘም ያለ ጊዜ ወስደን በ1970 ሜክሲኮ ላይ ዋንጫ ያነሣውን የብራዚል ቡድን እንፈታታዋለን። ከዚያ ስለ ትንፋሽ እናወራለን፤ በመጨረሻ ወደ ራሳችን ምርጫ እንመለሳለን። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ አንደኛው ነጥብ።

ብዙዎቻችሁ ከምታስታውሱት ልጀምር። በ2003 የዝውውር ወቅት ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ ገዛ፤ በዚያው ወቅት ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ማድሪድ ቤት ቀድሞውንም ዚዳን፣ ፊጎ፣ ሮናልዶ፣ ራውልና ሮቤርቶ ካርሎስ ነበሩ። በስም ከሄድን እንዲህ ያለ ቡድን ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ነገር ግን ሮቤርቶ ካርሎስ ወደፊት ሲወጣ ክፍተቱን የሚሸፍነው፣ ዚዳን ኳስ ሲነጠቅ ተከትሎ የሚያስመልሰው ሰው ለንደን ገብቷል። ማድሪድ የላሊጋን ዋንጫ እንደገና ለማንሣት እስከ 2007 ጠበቀ። ማኬሌሌ ግን በ2005 እና በ2006 ከቼልሲ ጋር የእንግሊዝን ሊግ በተከታታይ ወሰደ። ሠርጉ ላይ ሁሉም ሙሽራ ሲሆን ወጡን የሚያማስለው ይጠፋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ዋናው ጉዳያችን ያደርሰናል። ብራዚል የ1958ን እና የ1962ን የዓለም ዋንጫ አከታትላ ወስዳ በ1966 ወደ እንግሊዝ ስትሄድ በቡድኑ ውስጥ ፔሌ ነበረ፣ ጋሪንቻ ነበረ። ግን ልብ በሉ፤ ጄርሶን፣ ጃይርዚንሆ፣ ቶስታዎና ብሪቶም ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ዓለምን ያስደነቁት ሰዎች ማለት ነው! ቡድኑ ቡልጋሪያን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በሀንጋሪ 3 ለ 1፣ በፖርቱጋል 3 ለ 1 ተሸንፎ ከምድቡ ሳያልፍ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። እርግጥ ነው፣ ፔሌን እየጠለዙ አስነክሰውታል፤ ዳኞቹም ዝም ብለው አይተዋል። ይሁንና ጥለዛው ብቻውን አያስረዳውም። ያረጁ ጀግኖችና ገና ያልበሰሉ ልጆች ባንድ ላይ ታጭቀዋል፤ አሰላለፉ ከጨዋታ ጨዋታ ይቀያየራል፤ ማን የማንን ቦታ እንደሚሸፍን የሚያውቅ የለም። ስሞቹ እነዚያው ሆነው በ1966 ውርደት፣ በ1970 ዝና። መሀል ላይ ምን ተለወጠ? የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ ይህ ነው።

ወደ ሁለተኛውና ወደ ሰፊው ነጥብ እንለፍ፤ የ1970 ብራዚል።

ቡድኑን ለሜክሲኮ ያበቃው አሰልጣኝ ጃዎ ሳልዳንያ ይባላል፤ ጋዜጠኛ ነበር። በ1969 ማጣሪያ ኮሎምቢያን፣ ቬኔዝዌላንና ፓራጓይን በደርሶ መልስ ገጥሞ ስድስቱንም ጨዋታ አሸነፈ፤ 23 ጎል አግብቶ 2 ብቻ ተቆጠረበት። ቶስታዎ ብቻውን 10 አስቆጠረ። ጋዜጠኛ አሰልጣኝ ሲሆን እንዲህ ይቀናዋል ማለቴ አይደለም፤ የሙያ ባልደረቦቼ ተስፋ እንዳታደርጉ። ያም ሆኖ ሳልዳንያ የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1970 ተሰናበተ። በቦታው ማርዮ ዛጋሎ መጣ።

ዛጋሎን ማወቅ ግድ ይላል። በ1958 እና በ1962 ዋንጫ ሲነሣ የግራ መስመር አጥቂ ነበር። በወረቀት ላይ አጥቂ ይባል እንጂ ኳስ ሲጠፋ ወደ መሀል ሜዳ ተመልሶ ሦስተኛ አማካይ የሚሆን ሰው ነው። ከፊቱ ፔሌና ጋሪንቻ ሲጨፍሩ ከኋላ ሆኖ የሮጠ። እንግዲህ «ማን ለማን ይሮጣል?» የሚለውን ጥያቄ በገዛ እግሩ የመለሰ ሰው አሰልጣኝ ሆነ። ዕድለኛ ሹመት ነበር።

ዛጋሎ ፊት የተደቀነው እንቆቅልሽ ይኸውላችሁ። ፔሌ፣ ቶስታዎ፣ ጄርሶን፣ ሪቬሊኖ፣ ጃይርዚንሆ። አምስቱም በየክለባቸው ጨዋታው በእነሱ በኩል የሚያልፍ፣ ኳስ እግራቸው ሥር እንድትመጣ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ጥንቁቅ የተባለ አሰልጣኝ ሁለቱን መርጦ ሦስቱን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ዛጋሎም መጀመሪያ ላይ ቶስታዎና ፔሌ አብረው መጫወት መቻላቸውን ተጠራጥሮ እንደነበር ይታወቃል። በመጨረሻ ግን አምስቱንም አሰለፈ። እንዴት ቻለ?

መልሱን ብዙ ሰው ከፔሌ ይጀምራል። እኔ ግን ከኤቬራልዶ ልጀምር። «ኤቬራልዶ ደግሞ ማነው?» የምትሉ እንዳላችሁ ይሰማኛል፤ እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነው። በፍፃሜው ሜዳ የገቡትን የብራዚል ተጫዋቾች ማልያ ብትመለከቱ ከ1 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ 6 ቁጥር ብቻ የለም። በእሱ ፈንታ 16 ቁጥር አለ። 6 ቁጥር የተሰጠው ማርኮ አንቶኒዮ የሚባል ወጣትና ወደፊት መውጣት የሚወድ የግራ ተከላካይ ነበር። ዛጋሎ ግን ቦታውን ለ16 ቁጥሩ ለኤቬራልዶ ሰጠው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኤቬራልዶ አይወጣም። ይቆማል።

እሱ ስለቆመ ምን ሆነ? በቀኝ በኩል አምበሉ ካርሎስ አልቤርቶ እንደ ልቡ ወደፊት መሄድ ቻለ። አምበሉ ሲወጣ ኤቬራልዶ ከሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ጋር ሦስት ሆኖ ይቀራል፤ ከኋላ የሚያሳስብ ነገር የለም። ይህ ቡድን በሁለቱም መስመር እኩል የተሠራ አልነበረም። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር፤ ማዘንበሉም ታስቦበት ነው። ዛሬ በየቴሌቪዥኑ አንዱ ተመላላሽ ሲወጣ ሌላው ወደ ውስጥ ገብቶ ሲቆም እያየን «ዘመናዊ ታክቲክ» እንላለን። ኤቬራልዶ ያንን ሲያደርገው ዘመናዊ ያለው ሰው አልነበረም። የሚጫወትበት ክለብ ግሬሚዮ ግን አልረሳውም፤ በክለቡ ባንዲራ ላይ ያለችው ወርቃማ ኮከብ የእሱ መታሰቢያ ናት።

ከኋላ ገና አልወጣንም። ከብሪቶ ጎን በመሀል ተከላካይነት የተሰለፈው ፒያሳ ነው። የኛዋ ፒያሳ አይደለችም፤ ዊልሰን ፒያሳ፣ የክሩዜይሮው። ሰውዬው በሙያው አማካይ ነው፤ በማጣሪያው ጊዜም መሀል ሜዳ ነበር የተጫወተው። ዛጋሎ ወደ ኋላ ሳበው። ብሪቶ ኃይለኛ ነው፣ በቴስታ ያወጣል፣ ይጋፋል። ፒያሳ ደግሞ የነጠቀውን ኳስ በእርጋታ ለአማካዮቹ ያቀብላል። በረኛው ፌሊክስ ላይ ብዙ አልቆይም። የቡድኑ ደካማ ጎን እሱ ነበር የሚለው ወሬ ከልክ በላይ ቢሆንም መሠረት የለሽ ግን አይደለም። በስድስት ጨዋታ 7 ጎል ገብቶባቸዋል።

አሁን መሀል ሜዳ እንግባ፤ የቡድኑ አእምሮ እዚህ ነው ያለው።

ጄርሶን ግራ እግር ነው። ሃምሳ ሜትር ርቆ የሚሮጥ ሰው ደረት ላይ ኳስ የሚያሳርፍ ግራ እግር። በመጀመሪያው ጨዋታ ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር ለፔሌ የላካትን ኳስ አስታውሱ፤ ፔሌ በደረቱ አብርዶ አገባት። ወዲያው ደግሞ ሌላ ልኮ ጃይርዚንሆን ከበረኛው ጋር ፊት ለፊት አገናኘው። እንዲህ ያለ ሰው ግን መሮጥ አይወድም፤ ሲጋራ አጫሽነቱም በሀገሩ የታወቀ ነው። ማን ይሮጥለታል? ክሎዶአልዶ ይሮጥለታል። የሃያ ዓመት ልጅ፣ በሳንቶስ ክለብ የፔሌ ጓደኛ፣ 5 ቁጥር። ካርሎስ አልቤርቶ ሲወጣ እሱ ይሸፍናል፤ ጄርሶን የተወውን እሱ ያነሣል።

ይህ ጥንድ የተፈተነው በግማሽ ፍፃሜው ነው፤ ከኡራጓይ ጋር። ኡራጓይ ቀድማ አገባች፤ ጄርሶን ላይም አንድ ሰው ለጥፋ መተንፈሻ አሳጣችው። ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች እንዲህ ሲያዙ እጃቸውን ያወራጫሉ፣ ዳኛው ላይ ይጮሃሉ። ጄርሶን ያደረገው ሌላ ነው። ሜዳ ላይ እንዳሉ ተነጋገሩና ከክሎዶአልዶ ጋር ቦታ ተለዋወጡ። እሱ ጠባቂውን አስከትሎ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀረው ልጅ ደግሞ ወደፊት ወጣ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ቶስታዎ ባቀበለው ኳስ ክሎዶአልዶ አገባ፤ 1 ለ 1። ጨዋታው በ3 ለ 1 አለቀ። እኔን የሚያስደንቀኝ ጎሉ አይደለም። ኮከብ የተባለው ሰው «እኔ ማጥመጃ ልሁን፣ አንተ ግባ» ማለቱ ነው። እንዲህ ያለውን በሰሌዳ ላይ አስምሮ ማሠልጠን እጅግ ይከብዳል።

ወደ ፊት እንሂድ። 9 ቁጥሩን የለበሰው ቶስታዎ ዘጠኝ ቁጥር አልነበረም። አጭር ነው፤ ከተከላካይ ጋር የሚጋፋ አይደለም። በ1969 ኳስ ዓይኑን መትቶት ሬቲናው ተላቆ አሜሪካ፣ ሂውስተን ድረስ ሄዶ በቀዶ ሕክምና የተረፈ ሰው ነው። ለሜክሲኮ መድረሱ ራሱ አጠራጣሪ ነበር። ዛጋሎ ፊት ላይ አቆመውና ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ እንዲጫወት አደረገው። የተቃራኒን ተከላካይ ስቦ ይወጣል፣ በአንድ ንክኪ ያቀብላል፣ በተወው ክፍተት ፔሌና ጃይርዚንሆ ይገባሉ። ዛሬ «ሐሰተኛ ዘጠኝ ቁጥር» ስንል ሜሲ ይታወሰናል። ከእሱ በፊት ቶስታዎ ነበረ፤ ከቶስታዎም በፊት በሃምሳዎቹ የሀንጋሪው ሂደግኩቲ ነበረ። በማጣሪያው 10 ጎል ያስቆጠረው ቶስታዎ በዓለም ዋንጫው ያገባው 2 ብቻ ነው፤ ሁለቱም በፔሩ ላይ። ስምንቱ የት ሄደ? ለሌሎቹ ሰጣቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ በዓይኑ ምክንያት ገና በ26 ዓመቱ ኳስ አቁሞ ሐኪም ሆነ።

ሪቬሊኖ በኮሪንቲያንስ መሀል ላይ የሚነግሥ ሰው ነው። እዚህ ግራ መስመር ተሰጠው፤ ዛጋሎ ራሱ የሮጠበት ቦታ! ኳስ ሲጠፋ ወደ መሀል ይገባል፣ ሦስተኛ አማካይ ይሆናል። ከኋላው ኤቬራልዶ ስለማይወጣ የግራው መስመር ባዶ ይቀራል ትሉ ይሆናል፤ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር። ቡድኑ እዚያ ላይ ያጣውን በሪቬሊኖ ምት ያካክሰዋል። ለቼኮዝሎቫኪያ የሰጣትን ቅጣት ምት ያየ ሰው ለበረኛው እጅ ያዝናል።

ጃይርዚንሆ በቀኝ ነው፣ የጋሪንቻ ወራሽ። የጋሪንቻን አብዶ አትጠብቁበት፤ እሱ ፍጥነትና ጉልበት ነው። መስመር ላይ ይጀምራል፣ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል፣ መስመሩን ለካርሎስ አልቤርቶ ይለቅለታል። በስድስቱም ጨዋታ አገባ፤ በድምሩ 7 ጎል።

ፔሌስ? ፔሌ በዚያን ጊዜ 29 ዓመቱ ነው፤ እንደ 1958ቱ ልጅ የሚፈነጥዝ አይደለም። ያገባው 4 ነው። ግን በእንግሊዝ ላይ የተገኘችውን ብቸኛ ጎል አስታውሱ። ኳሷ ከቶስታዎ ወደ እሱ መጣች፤ ሦስት የእንግሊዝ ተከላካዮች ተንደርድረው መጡበት። መምታት ይችል ነበር። ወደ ቀኙ ገፋ አደረጋትና ጃይርዚንሆ አገባ። ፔሌ በዚህ ቡድን ውስጥ ያበረከተው ትልቁ ነገር፣ ዓለም በሙሉ እሱን እያየ መሆኑን አውቆ በዚያ መጠቀሙ ነው። ሁሉም ወደ እሱ ሲሮጥ እሱ ለሌላው ያቀብላል።

እዚህ ላይ የፍፃሜውን አራተኛ ጎል ሳላነሣ ብቀር አትምሩኝም። ሰኔ 21 ቀን 1970፣ አዝቴካ ስታዲየም፣ 86ኛው ደቂቃ፤ ብራዚል ጣልያንን 3 ለ 1 እየመራች ነው። ሁላችሁም የምታስታውሱት የመጨረሻውን ምት ነው። እኔ የማስታውሳችሁ መጀመሪያውን ነው። ኳሷን ከራሱ ግብ ብዙም ሳይርቅ፣ በግራ በኩል፣ ከጣልያን ተጫዋች እግር የነጠቀው ማነው? ቶስታዎ! የፊት አጥቂው! ቡድኑ 3 ለ 1 እየመራ፣ አራት ደቂቃ ቀርቶት፣ በዚያ ፀሐይ ወደ ኋላ ሮጦ ኳስ የሚቀማ አጥቂ። ማን ለማን ይሮጣል ስላችሁ ይህንን ማለቴ ነው።

ኳሷ ክሎዶአልዶ ዘንድ ደረሰች። ይህ ልጅ በመጀመሪያው አጋማሽ በተረከዙ ላቀብል ብሎ ተሳስቶ ቦኒንሴኛ የጣልያንን ጎል ያገባው በእሱ ጥፋት ነው። አሁን በዚያው ሜዳ አራት ጣልያናውያንን በአብዶ ተራ በተራ አለፋቸው። ለሪቬሊኖ ሰጠ፤ ሪቬሊኖ በግራ መስመር ወደፊት ላካት። ተቀባዩ ግን ጃይርዚንሆ ነው። የቀኝ አጥቂው ግራ ላይ ምን ይሠራል? ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ጣልያኖች የሚከላከሉት ሰው በሰው በመያዝ ነበር፤ ጃይርዚንሆን የሚጠብቀው ፋኬቲ ነው፣ የዘመኑ ምርጥ የግራ ተከላካይ። ዛጋሎ ይህን አስቀድሞ አጥንቶታል። ጃይርዚንሆ ቦታውን ጥሎ ሲዞር ፋኬቲም ይከተለዋል፤ የጣልያን ግራ ወገን ወና ይሆናል። ጃይርዚንሆ ወደ ውስጥ ገብቶ ለፔሌ አቀበለ። ፔሌ ቆመ፤ ጊዜ እንዳለው ሰው ቆመ። ከዚያ ወደ ቀኙ፣ ማንም ወደሌለበት፣ ኳሷን አንከባለላት። ከኋላ እየተንደረደረ የመጣው ካርሎስ አልቤርቶ ነው። አምበሉ ያን ያህል ርቀት ሲመጣ የእሱን ቦታ ማን እየጠበቀ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። በሌላው ወገን ደግሞ 16 ቁጥር ቆሟል።

ሦስተኛው ነጥብ ትንፋሽ ነው፤ በዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እንግባባለን።

ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ነች። አዲስ አበባ ከእሷም ትበልጣለች። ከዓለም ዋንጫው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1968 ኦሊምፒክ፣ በዚያችው ከተማ ማሞ ወልዴ ማራቶን አሸንፎ በ10,000 ሜትር ብር አግኝቷል። በዚያው የ10,000 ሜትር ውድድር የአውስትራሊያው ታላቅ ሯጭ ሮን ክላርክ መጨረሻው ላይ ራሱን ስቶ ወድቋል። ለቆላው ሰው አየሩ ይህን ያህል ከባድ ነበር። በ1970 ደግሞ ጨዋታዎቹ ለአውሮፓ ቴሌቪዥን እንዲመቹ አንዳንዶቹ በቀትር ተደረጉ፤ ፍፃሜውም የተጀመረው ልክ በስድስት ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር።

ብራዚሎች ይህን አውቀው ተዘጋጁ። ቀደም ብለው ሜክሲኮ ገቡ፣ ከፍታውን ለመዱ። የአካል ብቃቱን ከሚከታተሉት መካከል ክላውዲዮ ኩቲንሆ እና ካርሎስ አልቤርቶ ፓሬራ ነበሩ፤ ፓሬራ በ1994 አሰልጣኝ ሆኖ ለብራዚል ዋንጫ ያመጣው ሰው ነው። ታክቲኩም ከአየሩ ጋር የተስማማ ነበር። ኳስ ሲጠፋ እንደ ዛሬው ወደፊት ሮጠው አይጫኑም፤ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ይጠብቃሉ። ኳስ ሲያገኙ ደግሞ ቀስ ብለው ያንሸራሽሯታል፤ ኳሷ ትሩጥ፣ እነሱ ይተንፍሱ። ውጤቱን በቁጥር እዩት። በስድስት ጨዋታ ካገቡት 19 ጎል ውስጥ 12ቱ ከእረፍት በኋላ የተገኙ ናቸው። ሌሎቹ ሲደክሙ እነሱ ይጀምራሉ። «ብራዚል በተፈጥሮ ችሎታ ብቻ ያሸንፋል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይፈርሳል። በፍፃሜው የገጠማቸው ጣልያን በግማሽ ፍፃሜው ከምዕራብ ጀርመን ጋር ተጨማሪ ሰዓት ተጫውቶ፣ 4 ለ 3 አሸንፎ፣ እግሩ ዝሎ እንደመጣም መዘንጋት አያስፈልግም።

ተቃራኒውን ማየት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የ1982 ብራዚል አለ። ዚኮ፣ ሶቅራጥስ፣ ፋልካዎ፣ ሴሬዞ። መሀል ሜዳው ከ1970ው አያንስም፤ እንዲያውም ውበቱ ይበልጣል የሚል ቢመጣ አልጣላውም። ነገር ግን ከቀኝ ተከላካዩ ከሌአንድሮ ፊት መስመሩን የሚይዝ ሰው አልነበረም፤ አማካዮቹ ሁሉ ወደ መሀል ይጎርፋሉ። ባርሴሎና ላይ ከጣልያን ጋር ሲጫወቱ ለብራዚል አቻ መውጣት ይበቃት ነበር። በአምስተኛው ደቂቃ ካብሪኒ ከዚያው ወገን አሻገራት፣ ፓዎሎ ሮሲ በጭንቅላቱ ገጨ። ቀኑ ሲያልቅ 3 ለ 2፣ ሦስቱም የሮሲ። በዚያ ቡድን ውስጥ 16 ቁጥር ለባሽ አልነበረም።

እሺ። አሁን ስሞቻችሁን ከኪስ አውጡ።

እኔ የምንጊዜም ቡድን ስሠራ ከግራ ተከላካዩ እጀምራለሁ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ፓዎሎ ማልዲኒን አሰልፋለሁ፤ ቁም ብለው ይቆማል፣ ውጣ ብለው ይወጣል። እሱ ከቆመ በቀኝ ካፉ እንዲሄድ እፈቅዳለሁ። ካፉ መስመሩን ከያዘ የቀኝ አጥቂዬ ወደ ውስጥ የሚገባ ግራ እግር መሆን አለበት፤ ሜሲ። መሀል ላይ ቤከንባወር ኳስ ይዞ ይወጣል፣ ባሬሲ ከኋላ ይቀራል፤ ቤከንባወር ሲወጣ ደግሞ መሀል ተከላካይም አማካይም ሆኖ የተጫወተው ፍራንክ ራይካርድ ወደ ኋላ ይመለሳል። የጄርሶንን ሥራ ለዣቪ እሰጣለሁ። በረኛ ላይ ጊዜ አላጠፋም፤ ሌቭ ያሺን። ፊት ላይ ክራይፍ እንደ ቶስታዎ ስቦ ይወጣል፣ ፔሌ በክፍተቱ ይገባል።

የቀረው የግራ መስመር ነው፤ የዛጋሎ ቦታ፣ የሪቬሊኖ ቦታ። እዚህ ላይ ነው የምትጮሁብኝ። በቀኝ ሜሲ አይመለስም፤ ስለዚህ በግራ ያለው ሰው ዘጠና ደቂቃ ወጥቶ መመለስ አለበት። ሮናልዲንሆን ማስገባት ልቤ ይፈቅዳል፣ ክሪስቲያኖ ሮናልዶን ማስገባት ጎል ያመጣል፤ ሁለቱም ግን ማልዲኒን ብቻውን ይተዉታል። እኔ የማሰልፈው ሪያን ጊግስን ነው። (የአርሰናል ደጋፊዎች፣ ረጋ በሉ። የዩናይትድ ደጋፊዎች፣ እናንተም አታጨብጭቡ፤ ለእናንተ ብዬ አይደለም።)

«ማራዶናስ?» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰምቻለሁ። በ1986 ማራዶና ዓለምን ብቻውን አሸነፈ ይባላል። ብቻውን አልነበረም። አሰልጣኙ ቢላርዶ ሦስት ተከላካይ ከኋላ፣ አምስት ሰው መሀል ላይ አድርጎ፣ ባቲስታን፣ ጁስቲንና ኤንሪኬን የመሰሉ ሠራተኞች ከበውት እንዲሮጡለት አድርጓል። ማራዶና ያንን ሁሉ ሩጫ የሚያስከፍልና ዋጋውን አሳምሮ የሚመልስ ሰው ነው። በእኔ ቡድን ውስጥ ግን የሩጫው በጀት በሜሲ አልቋል። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚሸከም መሀል ሜዳ እስካሁን አላየሁም፤ ራይካርድ አንድ ሰው ነው።

ከእኔ የማይስማማ እንዳለ ፊታችሁ ይነግረኛል። ማይክሮፎኑ አሁን ወደ እናንተ ይመጣል። ማራዶናን ላስገባ የሚል እጁን ያውጣ፤ ከማውጣቱ በፊት ግን የሚቀየረውን ሰው ስምና የዚያን ሰው ሩጫ ማን እንደሚሮጥለት ይዞ ይነሣ። እሺ፣ እዚያ መሀል ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ ጀምር።